ኸላስ ያለው ዳኛ

የብረቱ ግለት እስካሁን መዳፌ ላይ አለ። ትናንት ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ የቆመውን የቅርጫት ኳስ ምሰሶ ያዝኩትና ቶሎ ለቀቅኩት፤ በመተማ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ብረት አያስጠጋም። እጄን ሳሸተው ዝገት ዝገት አለኝ፤ ከዝገቱ ሥር ደግሞ ሰሊጥ። ምሰሶው ከሰሊጥ መጋዘኑ ቅጥር ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም፤ ወይም እኔን አልለቀቀኝም።

የበየደው ባለቤቴ ነው። ያኔ ገና ባሌ አልነበረም፤ ልጅነቱን ገዳሪፍ ያሳለፈ፣ ዐረብኛው አማርኛውን የሚቀድምበት፣ ትራክተር ጠጋኝ ወጣት ነበር። ቀለበቱን ከበርሜል አፍ ቆርጦ ስለሠራው ከልኩ በጣም ሰፋ። ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳን ሊገጥሙን የመጡት የጋላባት ልጆች ሲያዩት ሳቁ። አምበላቸው፣ ረጅሟ የባለሱቅ ልጅ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ «በዚህ ግመልም ከነጭነቱ ያልፋል» አለችን።

ውድድሩ ዓለም አቀፍ ነበር። አትሳቁ። በእኛና በጋላባት መካከል ያለው አንድ ድልድይ ነው፤ እነሱም ጫማቸውን አንጠልጥለው በእግራቸው ነበር የሚሻገሩት። ቢሆንም ሁለት ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሁለት መዝሙር ይዘመራል፤ የስፖርት መምህራችንም በድምፅ ማጉያው «ዓለም አቀፍ» ሲል አፉን ሞልቶ ነበር። በየዓመቱ ሰሊጡ ተራግፎ፣ ተጭኖ፣ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ግቢው ይጠረግና መስመሩ በኖራ ይሰመራል። ከሽንፋም ከኮኪትም ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ ይመጣል። በሲሚንቶው ስንጥቅ የቀረው ሰሊጥ ስንሮጥ ከእግራችን ሥር ያንሸራትተን ነበር።

ሴቶቹ የምንጫወተው ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ነበር። የመጋዘኑ ጥላ ሜዳው ላይ ሲያርፍ ተራው የወንዶቹ ይሆናል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ዋንጫውን ከእነሱ አብልጠን የፈለግነው።

በመጨረሻው ውድድር የዳኘን ያው ምሰሶውን የበየደው ወጣት ነበር፤ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተገኘም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር። ኳሷ ከመስመር ወጣች፤ የማን ናት ተባለ፤ ሁለቱም ወገን በየቋንቋው ይጮህ ጀመር። እሱ ኳሷን ለረጅሟ ሰጣትና እጁን አንሥቶ «ኸላስ» አለ።

በእኛ ሰፈር ኸላስ ማለት አለቀ፣ አበቃ ማለት ነው። ስኳር ካለቀ ኸላስ ነው፤ አውቶቡስ ካመለጠ ኸላስ ነው። ስለዚህ አሸነፍን ብለን ተቃቀፍን፤ ተመልካቹም በእልልታ ቀለጠ። ረጅሟ ግን በመካከላችን በእርጋታ አልፋ ኳሷን በዚያ በሰፊው ቀለበት ውስጥ ጣለቻት።

እሱ ነጥቡን ቆጠረው። ሽማግሌዎች ለመኑት፣ የስፖርት መምህሩ ተቆጣው፣ ከኋላ አንዱ ባንዳ ብሎ ሰደበው። አልሻረውም። ዋንጫው ድልድዩን ተሻገረ።

ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። ላቡ በፊሽካው ገመድ ላይ ይወርድ ነበር።

«ኸላስ ማለት አለቀ ማለት አይደለም?»

«ነው። ክርክሩ ይብቃ፣ እንቀጥል ማለትም ነው።»

«ታዲያ የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«የሚናገረውን ሰው ዓይን አይተሽ» አለኝ። «አንቺ እኮ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጀርባዬን ሰጥቼው አላውቅም።

ለዓመቱ እናስመልሰዋለን ብለን ዛትን። ረጅሟም ድልድዩ ላይ ዞር ብላ ጠብቁን አለችን። ያ ዓመት አልመጣም። ድንበሩ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ፤ በኋላም በወዲያ በኩል ጦርነት ሆነ። ውድድሩ ቀርቷል ብሎ የነገረን ግን የለም። መጋዘኑ ለሌላ ሰው ሲሸጥ ባለቤቴ ምሰሶውን ነቅሎ ግቢያችን ውስጥ ተከለው። ሰው ሲስቅበት «እንግዶች አሉብን» ይል ነበር።

ዘንድሮ ሞተ።

ትናንት ታላቅ ወንድሙ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ በሐዘኑ ከጎኔ አልተለዩም። «እታለም፣ ጨዋታውም ቀረ፣ ባለቤቱም ሄደ። ብረቱን ልቁረጠው፤ ለመጋዘኔ በር ይሆነኛል» አሉኝ። ሲናገሩ ምሰሶውን እንጂ እኔን አያዩም ነበር።

«ኸላስ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ዛሬ ጠዋት የብረት መቁረጫ በባጃጅ ጭነው ከተፍ አሉ። እኔ በጥቁር ልብሴ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ፣ ያረጀችውን ኳስ ሳነጥር አገኙኝ።

«ኸላስ ብለሽኝ አልነበር እንዴ?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዓይኔን አላዩትማ፣ ጋሼ።»

ኳሷን ወረወርኳት። ግመል የሚያሳልፈውን ቀለበት ሳትኩት። ጋሼ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ጥቂት ቆይተው ኳሷን ከአጥሩ ሥር አነሡና መለሱልኝ። ከዚያ መቁረጫቸውን ይዘው ሄዱ።

ከጋላባት የተሰደዳችሁ፣ የትም ሁኑ፣ ረጅሟን ካገኛችኋት ንገሩልኝ። በአንድ ነጥብ እየመራችን ነው እንጂ አላሸነፈችንም። ቀለበቱ አለ፣ ኳሷ አለች፣ እኔም አለሁ። የጎደለው ዳኛው ብቻ ነው።