የታች አምባ ግማሽ ሩር

ዛሬ ጠዋት እትዬ አያልነሽ በራችን ላይ ቆመው «ልጄ መጣ! ደምሴ መጣ!» ሲሉ ሰፌዱ ከእጄ ወድቆ ቆሎው መሬት ላይ ተበተነ። እናቴ አልተቆጣችኝም። እሷ ራሷ ቆሎውን እየረገጠች ወጥታ ሴትዮዋን አንገታቸውን አቀፈቻቸው። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ገና ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲገናኙ እንኳ ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር። እትዬ አያልነሽ የላይ አምባ ሰው ናቸው።

«ከእንጦጦ ትናንት ገባ» አሉ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «የኛዎቹም ለዘንድሮ የገና ጨዋታ መሪ፣ አበጋዝ፣ አደረጉት። እሺ ያላቸው ግን ግማሿን ሩር ከሰጡት ብቻ ነው። ይዟት ወደ ሜዳችሁ ይወርዳል።»

ደስታዬን የማስቀምጥበት ስላጣሁ ብዕር አነሣሁ። አባቴ የደብሩ መሪጌታ ስለሆኑ ከቤታችን ቀለም አይጠፋም። ፊደሉን ከጓዳ ሆኜ ተማሪዎቻቸው ሲያነቡ እየሰማሁ ነው የለየሁት። ዘንድሮ ግን «በይ እንግዲህ ጻፊ፤ እጅሽ ከነዚህ ሰነፎች ይሻላል» ብለውኛል። ስለዚህ በልጅነቴ ያየሁትን ያን ቀን እጽፈዋለሁ። የሰማው ሁሉ በየራሱ ቀለም ስለሚነግረው፣ እኔ ደግሞ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

አንኮበር ሁለት ሰፈር ነው። ላይ አምባ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር ነው። ታች አምባ፣ የኛው፣ ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው መንገድ የሚጀምርበት ነው። በገና ቀን የሁለቱ ሰፈር ጎበዛዝት በኛ ሜዳ ላይ ይገጥማሉ። ከወይራ ሥር የተጠረበችውን ሩር በቆልማማ ዱላ እየመቱ ከባላጋራ ድንበር ያሳለፉ ጊዜ ጨዋታው አለቀ። ያሳለፈ ወገን እየዘፈነና እየተሳደበ በተሸናፊው ሰፈር ያልፋል፤ ጠላውንም ይጠጣለታል።

እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ያለፈው ላይ አምባ፣ የተጠጣው የኛ ጠላ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ የሰፈራችን ጉልበታም ሁሉ ጓዙን ተከትሎ ሄደ። ታላቁ ወንድማችንም አብሮ ሄዶ ወሬው ጠፋ። የቀሩት ወይ ጢም ያላወጡ ናቸው፣ ወይ ጢማቸው የሸበተ። ጥቂት ደህና የሚመቱ ልጆች ነበሩን፤ እነሱም «አጎቴ ላይ አምባ ነው፣ አክስቴ ላይ አምባ ናት» እያሉ ወደዚያው ተሻገሩ። ለካስ ሰው ሽንፈት ሲበዛበት ዘመዱ ይበዛል! በየዓመቱ በደጃችን ሲያልፉ እንዲህ ይሉን ነበር፦

«የታች አምባ ጎበዝ ገናውን ቢመታ፣
ሩሯ ቆማ ቀረች፣ ነፋስ ተንገላታ።»

ከሜዳው ዳር ቆሞ የሚያየን ሰው እንኳ አልነበረም ማለት ይቻላል። እናቴና እኔ ነበርን። ሌላዋ መቀመጫ ዱካቸውን ተሸክመው በየዓመቱ የሚመጡት እማሆይ ወለተ ሚካኤል ናቸው። «እማሆይ፣ ደግሞ ለማዘን መጡ?» ሲሏቸው «ሽንፈቱንማ ለምጄዋለሁ፤ የሚያስፈራኝ ድሉ ነው» ይሉ ነበር።

በዚያ ዓመት፣ በኅዳር መጨረሻ ላይ፣ የደብሩ አለቃ ከቅዳሴ በኋላ አባቶችን ሰብስበው «ያ ሜዳ በየዓመቱ ስድብ ብቻ ነው የሚያበቅለው» አሉ። «ዘንድሮም ከተሸነፋችሁ ጥምቀት እንዳለፈ ይታረሳል። ለበልግ ገብስ ይዘራበታል።» አለቃ ትውልዳቸው ላይ አምባ ነው።

የታች አምባ አበጋዝ ወንድሜ አስፋው ነበር። ማታ እራት ላይ ጎመኑን ሳይነካ «ሜዳው ከታረሰ እኔም እንጦጦ ነኝ» አለ። «ያለ ሜዳ የምን አበጋዝ ነው? የገብስ ጠባቂ ልሆን ነው?»

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምራ ወጡን ስታማስል ታቆማለች፤ ውኃ ስትቀዳ እንስራው ሞልቶ ሲፈስ አታይም። እኔም የሚሄድበትን ቀን እያሰብኩ ጫማው የተቀመጠበትን ጥግ በየጠዋቱ አይ ነበር። ጫማው ካለ አለ።

ሩር መጥረብ የተሸናፊ ዕዳ ስለሆነ አስፋው የወይራ ሥር ቆፍሮ አመጣ። እንጨት በጥላ ቀስ ብሎ መድረቅ እንዳለበት ያውቃል። ሆኖም ጭንቀት ዕውቀት ያስረሳል መሰለኝ፣ ጠርቦ እንደጨረሰ ከምድጃው በላይ ሰቀላት። አባቴ ቀና ብለው አይተው «አስፋው፣ እንጨት አታጣድፍ» አሉት። «ገና እኮ ደረሰ አባዬ!» አላቸው። እውነትም ደርሶ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል።

የገና ዕለት ጾሙ ተፈትቶ ዶሮው ቀረበ። አስፋው ቆሞ ጎርሶ ወጣ። ስንወርድ ጉሙ ከቆላው በኩል እየተነሣ ነበር፤ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። የላይ አምባ ሰው ሜዳውን በሦስት ወገን ከቦታል። በኛ በኩል እማሆይ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው በኩታቸው ተጀቡነዋል።

ጨዋታው ምሳ ካለፈ ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ሳይለይለት ቆየ። የኛዎቹ ደክመው ጉልበታቸውን ይዘው ያለከልካሉ። ሩሯ ወደኛ ድንበር በተጠጋች ቁጥር እናቴ እጄን ስለምትጨምቀው ጣቶቼ ደነዘዙ። አለቃ ከላይኛው ጫፍ ቆመው መሬቱን ግራና ቀኝ ያያሉ። ለገብሱ የሚለኩት መሰለኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አስፋው ሩሯን ከሰው መሐል አውጥቶ መታት። «ቋ!» የሚል ድምፅ በገደሉ አስተጋባ። ሩሯ ለሁለት ተሰነጠቀች። አንደኛዋ ግማሽ እግሩ ሥር ተገልብጣ ቀረች። ሁለተኛዋ እየተሽከረከረች ወደ ላይ አምባ ድንበር በረረች። ድንበሩን የሚጠብቀው ደምሴ ነበር፣ ቀጭኑ የእትዬ አያልነሽ ልጅ። ዱላውን ዘርግቶ ተወረወረ፤ ሳያገኛት አለፈች።

ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጮኸ። «አለፈች!» «ምኗ አለፈ? ግማሿ እዚህ ናት!» ዱላዎች ወደ ላይ ተነሡ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ ድኻው ግን በጣም ይቆጣል። አለቃ «እኔ ልፍረድ» ሲሉ የኛዎቹ «እርስዎማ ገብስዎን ዘርተው ጨርሰዋል!» አሏቸው። አባቴ ልፍረድ ሲሉ ደግሞ ላይ አምባዎች «የአበጋዙ አባት!» ብለው ጮኹ።

ይኼኔ ከላይ በኩል አህዮቹን እየነዳ አንድ ሰው ወረደ። ጥጥ ሸጦ ባቄላ ጭኖ የሚመለስ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ስሙ ኢድሪስ። የላይ አምባ አበጋዝ ቢተው ሮጦ መንገዱ መሐል ቆመና «በንጉሥ አምላክ! ዳኛ ሁነን!» አለው። መንገደኛ እንዲህ ከተባለ ማለፍ አይችልም፤ ቆሞ መፍረድ አለበት።

«ያ ረቢ!» አለ ኢድሪስ። «ወገኖች፣ ቁልቁለቱ ላይ ሊመሽብኝ ነው። በዓሉም የናንተ፣ ጠቡም የናንተ፤ እኔን ምን አገባኝ?»

«ስለማያገባህ እኮ ነው የፈለግንህ!» አለው አስፋው።

ኢድሪስ አህዮቹን አቁሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አስፋውና ቢተው የኩታቸውን ጫፍ እርስ በርስ ቋጥረው እንደ ተከራካሪ ፊቱ ቆሙ። «በላ ልበልሃ!» አለ ቢተው ዱላውን መሬት ላይ እየመታ። «እራሱ ገብቶ እግሩ ደጅ የቀረ እንግዳ፣ ገባ ይባላል ወይ?»

«በላ ልበልሃ! ሰው የሚታወቀው በራሱ ነው በእግሩ? እራሱ ከገባ ውኃ አቅርቡለት፤ ገብቷል!» አለ አስፋው።

«የትኛዋ ናት ራሷ? እግርህ ሥር የቀረችው ብትሆንስ?»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ አስፋው ወደ ሜዳው ዞሮ ግማሿን በዓይኑ ሲፈልግ አየሁት። ጫማው፣ ጥጉ፣ የእንጦጦ መንገድ ሁሉ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

ኢድሪስ ጢሙን አሻሸ። ቀጥሎ «ድንበሩን የጠበቀው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ደምሴን ወደፊት ገፉት።

«አንተ ልጅ፣ ሩሯ ስትሰነጠቅ አይተሃል?»

«አይቻለሁ ጌታዬ።»

«የትኛዋን ተከትለህ ሮጥክ? ቆማ የቀረችዋን ነው፣ ያለፈችዋን?»

ቢተው ደምሴን አፍጥጦ አየው። የላይ አምባ ሰው ሁሉ አየው። አህያዋ ጆሮዋን ስታራግፍ ይሰማ ነበር። ሁሉም የሆነው በቅጽበት ነው፤ «ግራ ገብቶኝ ነው የሮጥኩት» ቢል የሚከራከረው የለም።

«ማርያምን» አለ ደምሴ ቀስ ብሎ፣ «ያለፈችዋን ነው።»

ኢድሪስ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። «እንግዲያ እኔ ምን እፈርዳለሁ? የዚህ ልጅ እግር ፈርዷል። ሩሯ የትኛዋ እንደሆነች እግሩ አውቆ ሮጧል። ታች አምባ ረታ። በሉ መንገድ ልቀቁልኝ።»

እልልታው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ እኛ ሦስት ሴቶች ብቻ ነበርን። እማሆይ ዱካቸውን ገልብጠው ተነሡና «ምነው ልጆቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ድል ልልመድ?» እያሉ አለቀሱ። ላይ አምባዎች አስፋው እግር ሥር ቀርታ የነበረችውን ግማሽ አንሥተው «ይቺ እኛ ዘንድ ትኑር፤ አልተረታንም» ብለው ወጡ። ደምሴ ወደ ኋላ ቀረ። አንዱ ዱላውን ከእጁ ነጥቆ ገደል ወረወረበት። እሱም ዱላው የወደቀበትን ቁልቁል ሲመለከት ቆየ። ያን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ፤ ሌላው ሁሉ አስፋውን ተሸክሞ ነበር።

ሜዳው አልታረሰም። ወንድሜም አልሄደም። ከጥምቀት በፊት ወደ እንጦጦ የሄደው ደምሴ ነው፤ በሰፈሩ ውኃ እንኳ የሚያቀብለው ጠፍቶ። እናቴ ይህን የሰማች ቀን በርበሬ ትደልዝ ነበር። እጇን አቁማ «የኔ ልጅ የቀረበት መንገድ የሌላዋን ልጅ ወሰደ» አለች። ከዚያ በኋላ እትዬ አያልነሽን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ድሉ ግን ሥራውን ሠራ። ወደ ላይ የተሻገሩት ልጆች አክስታቸው ለካ ታች አምባ እንደሆነች ትዝ አላቸው። ላይ አምባዎች ሊያሳፍሩን ብለው «ባለ ግማሽ» ሲሉን የኛዎቹ ስሙን ወደዱትና ዘፈኑበት፦

«ሙሉውን ሰጥተነው ለላይ አምባ ጌታ፣
ለኛ ግማሽ በቃን፣ ድንበር ላይ ከረታ።»

በዓመቱ የሜዳው ዳር በሰው ሞላ። ከጎረቤላ ሳይቀር የሚመጣ አለ። ያን ቀን እዚያ ነበርኩ ብሎ የሚምለው ሁሉ ቢሰበሰብ ሜዳው አይችለውም። ዓይናቸው ከጠፋ የቆየ አንድ ሽማግሌ እንኳ ሩሯ ስታልፍ እንዴት እንደተሽከረከረች ይነግሩናል። አለቃም «ሜዳውን ለታች አምባ ያተረፍኩላቸው እኔ ነኝ» ማለት ጀምረዋል። ኢድሪስ በየገናው መንገዱን በኛ በኩል ያደርጋል፤ «ዳኛ ብቻ እንዳትሉኝ» እያለ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ አሸነፍን፣ አንድ ጊዜ ተሸነፍን፤ ሳይለይለት የመሸበትም አለ። ዘንድሮ ደግሞ ደምሴ በነሱ ወገን አበጋዝ ሆኖ ይመጣል። ደስ ብሎኛል። ግን በድሉ ሰበብ የመጣው ተመልካች በሽንፈት ይሄድ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ጠዋት አስፋውን «ብንሸነፍስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ብንሸነፍማ እማሆይና አንቺ ትቀራላችሁ» አለኝ ዱላውን ቅቤ እየቀባ። «ፊትም በናንተ ነው የቆምነው።»

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ፣ ሲነበብም የሰማችሁ፣ ለገና ወደ ሜዳችን ኑ። ያን ቀን ነበርኩ እያላችሁ የምትምሉም፣ ዘንድሮ በእውነት ኑ። ከድንበሩ አጠገብ ያለችው ዱካ የእማሆይ ናት፤ አትቀመጡባት። ከእትዬ አያልነሽ ጎን ቦታ ካገኛችሁ ግን ቁሙ፤ ደምሴ ሲወርድ ለብቻቸው እልል እንዳይሉ። ጨዋታው ሳይጀመር እሱና አስፋው ሁለቱን ግማሾች ያገጣጥሟቸዋል። የኛዋ ከምድጃ በላይ ተሰቅላ በጭስ ጠቁራለች፤ የነሱ እነዚህን ዓመታት የት እንደተጣለች አናውቅም። እንጨት ደግሞ ይጣመማል። ይገጥሙ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ኑና አብረን እንይ።