ሦስት ጊዜ አጭር

ከሞጣ መናኸሪያ፣ ከአውቶቡሱ አስወርደው ቢቸና አመጡኝ። ያሰሩኝ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ነው፤ ጥጋጥጉ ገና ገለባ ገለባ ይሸታል። በሩ ሲከፈት ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ በተሰመረ የጭቃ ምልክት ላይ ነበር። ውኃ ይገባል ማለት ነው። ውስጥ የታሰሩትን ሴቶች እንዴት ዋላችሁ ከማለቴ በፊት ምንጣፋችሁን ከበሩ አርቁ አልኋቸው። ሳቁብኝ።

ሥራዬ ወንዝ ዳር ያሉ የድኻ መንደሮች ከክረምቱ ጎርፍ በፊት እንዲዘጋጁ ማገዝ ነበር። በአንዱ መንደር ሰዎቹ ራሳቸው መከሩና፣ የዕድሩ ጥሩንባ ለሞት ብቻ ለምን ይነፋል፣ ወንዙ ሲሞላም ይነፋ አሉ። ለሞት አንድ ጊዜ ረዥም፣ ለጎርፍ ሦስት ጊዜ አጭር። መራመድ ለማይችሉት የዕድሩ ቃሬዛ ተመደበ። ሁሉንም በደብተሬ ጻፍሁት። ደብተሩ ሲያዝ፣ ጥሩንባው ሦስት ጊዜ ሲነፋ ሁሉም ወደ ኮረብታው ይወጣል የሚለው ተነበበና የአመፅ ጥሪ ነው ተባለ።

መርማሪው ድምፁን ከፍ አያደርግም። ስለ ጎርፉ ያስረዳሁትን ሁሉ ሰማኝና የጥሩንባ ነፊውን ስም ብቻ ጠየቀኝ፤ ከሰጠሁት ዛሬውኑ ቤቴ እገባለሁ። ሰውዬው ከተያዘ ግን መንደሩ ክረምቱን ያለ ነፊ ሊጋፈጠው ነው። እስከ ነገ አስቢበት አለኝ።

መቁጠሪያዬን ወስደውብኝ ስለነበር በጣቴ አንጓ እየቆጠርሁ ጸለይሁ። አጠገቤ የሚተኙት፣ በጠብ የታሰሩ አረቄ ሻጭ እናት፣ ጭንቀቴን አይተው መከሩኝ።

«አላውቅም በይው፣ ልጄ። ለአንዲት አላውቅም ሰማይ አይደፋ።»

«አውቀዋለሁ እኮ፣ እማማ። እግዜር ያያል።»

«እግዜር እንደሆነ መርማሪ አይደል፣ አይነግርብሽ።»

ከታሰርሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ዕለት ሳቅሁ። ውሸቱ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ።

በማግሥቱ መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እና ስሙ?»

«አልነግርህም።»

እስክሪብቶውን ከድኜ በእሱ በኩል አስቀመጥሁት።

መስከረም እስኪጠባ ያዙኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውኃው ገባና እስከ ጭቃው ምልክት ደረሰ፤ ምንጣፎቹ ግን ቀድመው ከፍ ካለው ቦታ ተደርድረው ነበር። አረቄ ሻጯ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ የእኛስ ጥሩንባ አንቺው ሆንሽ አሉኝ።

ስፈታ የሰማሁት ይህን ነው። በፍልሰታ ጾም ወንዙ ሞልቶ ወጣ። ጥሩንባው ሦስት ጊዜ ተነፋ። የመንደሩን ዓይነ ስውር መነኩሲት በቃሬዛው አወጧቸው። ቤት ሄደ፣ ከብት ሄደ፤ ሰው አልሄደም።

ዛሬ በምኖርበት አገር የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በስልክ ይደርሰናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ያወጋኋቸው የአገሬ ሰዎች፣ ለመሆኑ ነፊው ማን ነበር ይሉኛል። እሱ ዛሬም እዚያው መንደር ነው፤ ክረምትም በየዓመቱ ይመጣል።

አውቀዋለሁ እላቸዋለሁ።