ኒካሄ ሐረር፣ እኔ በረሃ

ባለፈው ሳምንት፣ ጀጎል ውስጥ በማስተዳድራት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ካደሩት ፈረንጆች አንዷ ቁርስ ላይ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ዘርግታ አሳየችኝ። በረሃ መሃል የቆመች ትንሽ አውሮፕላን፣ ነጭ ድንኳን፣ ከድንኳኑ ፊት በበረዶ የተሞላ ባልዲ። ጥቂት ሰዎች ብቻ፣ ከዓለም ሁሉ ርቀው፣ የዱር አራዊት እያዩ ይሰነብታሉ ይላል ጽሑፉ። «እንዲህ ያለ ቦታ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «መሄዱንስ ሄጃለሁ፤ መመለሱ ነው ያስቸገረኝ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ፉሏን አቅርቤላት ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ያቺ አውሮፕላን ግን ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሼ ምደባ የምጠብቅ ወጣት ነበርኩ። ቤት ውስጥ ሐረሪ፣ ከተማ ላይ አማርኛ፣ ጫትና አትክልት ይዘው ከሚመጡት ገበሬዎች ጋር ኦሮምኛ እናገራለሁ። እናቴ በሕይወት ሳሉ ኤረር በር አካባቢ ጨርቅ ይነግዱ ስለነበር ከሶማሌ ደንበኞቻቸው ሶማሊኛ ለቅሜያለሁ። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ሰጠኝ። በአምስት ቋንቋ እኮራ ነበር። በአምስቱም ግን ለአባቴ «አልፈልግም» ማለት አቅቶኝ ነበር።

የማልፈልገው ጋብቻ ነው። ሙሽራው ጅዳ የሚሠራ የሰፈራችን ሰው ልጅ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። የሚወስደኝ ግን ወደ ጅዳ ነው፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት፣ መስኮቱ የማይከፈት፣ እሱ ከሥራ እስኪመለስ በሩ የሚቆለፍ። ይህን የነገረችኝ ገዛ እህቱ ናት፤ ያውም የቤቱን ቅዝቃዜ ስታደንቅልኝ።

በእኛ ወግ ልጅቷ ፈቃዷን ትጠየቃለች። ሁለት ምስክሮች መጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ። የእኔም መጡ። ነደባው ላይ፣ ያ በቀይ አፈር የተለሰነው የቤታችን መቀመጫ ላይ፣ በሴቶች ተከብቤ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። አክስቴ ራህማ፣ እናቴ ካረፉ ወዲህ እንደ እናት የያዙኝ፣ «ሰምታችኋል፤ ዝም ብላለች» አሉና እልል አሉ። ዝምታ እሺታ ነው፤ ሐረር የተወለደች ሴት ይህን ሳታውቅ አታድግም። እኔ ግን ዝም ካልኩ ነገሩ ይንጠለጠላል፣ ነገ ከነገ ወዲያ እየተባለ ይቆያል ብዬ ነበር። ምን ዓይነት ጭንቅላት እንደነበረኝ እንጃ። ኒካሁ፣ የጋብቻው ውል፣ ለዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቆረጠ።

ያኔ ነው የአውሮፕላኑ ሥራ የመጣው። ሀብታም የፈረንጅ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በትንሽ አውሮፕላን ከድሬዳዋ ተነስተው ወደ ሶማሌው በረሃ ሊሄዱ ነው፤ ሴቶቹ ሴት አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። ረቡዕ እመለሳለሁ አልኩ። አክስቴ «ጠቁራ፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ሙሽራ ልትሆን ነው?» ብለው ተቆጡ። አባቴ ግን «ከጋብቻ በኋላ የት ታያለች፤ ትሂድ» አሉ። እኔ ደግሞ በሆዴ ረቡዕ ማታ ስመለስ ሁሉን እነግራቸዋለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። በረሃ ለሰው ድፍረት ይሰጣል የሚል ነገር ከየት እንዳመጣሁ አላውቅም።

አውሮፕላኗ ከሸዋ በር ሚኒባሶች ታንሳለች። ካፒቴኑ፣ ኬንያ ያደገ ቀጭን ፈረንጅ፣ ከነሻንጣችን ሚዛን ላይ አወጣን። እንደ ቡና ጆንያ ተመዝኜ ገባሁ። ከተነሳን በኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ጅዳንም አክስቴንም ረሳሁ። ተራሮቹ እየተሸበሸቡ ወርደው ወርደው ሜዳ ላይ አለቁ። ከዚያ ወዲያ አሸዋ፣ ግራር፣ የደረቀ ወንዝ። ሰጎኖች ከጥላችን ይሸሻሉ። ሳላዎች ቀንዳቸውን አቅንተው ቆመው ያዩናል። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ሄለን የሚሏት ሳቂታ አሮጊት፣ እጄን ይዛ ታለቅስ ነበር።

ሰፈራችን አስቀድሞ በመኪና የተላከ ድንኳን ነበር፤ መኪናው አራግፎ ተመልሷል። ነጭ አንሶላ የተነጠፈ አልጋ፣ የሚታጠፍ የገላ መታጠቢያ፣ በረዶ ውስጥ የተቀበረ መጠጥ። መጠጡ አይመለከተኝም፤ ሥጋውም ማን እንዳረደው ስለማላውቅ አልነካሁትም። እንቁላልና ብስኩት እበላ ነበር። ጥበቃው ሙሴ የሚባሉ የሶማሌ ሽማግሌ ናቸው። ሶማሌ አጎቱን «አዴር» ይላልና እኔም አዴር ሙሴ እላቸው ነበር። የግመል ወተት በወተት ዕቃው ክዳን ቀድተው ያመጡልኛል፤ በጭስ የታጠነ፣ ምላስ ላይ የሚቆይ።

ወሩ መጋቢት ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት እንዳለ፣ ከበስተጀርባችን ያሉት የሐረርጌ ተራሮች ጠቆሩ። አዴር ሙሴ ወደዚያ አይተው ዕቃ ወደ ጉብታው እንድናወጣ አዘዙን። ብዙም ሳይቆይ ጎርፉ በደረቁ ወንዝ እያፏጨ መጣና ሜዳው ላይ ተነጠፈ። ሰው አልተጎዳም። ሲሸሽ ግን ሜዳውን ጭቃ አድርጎት ሄደ፤ የአውሮፕላኗ ጎማዎች እስከ ግማሽ ሰምጠዋል። ካፒቴኑ በእንጨት አፈሩን ወጋ ወጋ አድርጎ «ካልደረቀ አንነሳም» አለ። እንግዶቹ ደስ አላቸው። እነሱ የመጡት ለዚህም ነው። እኔ ወደ መኪና መንገዱ ስንት ያስኬዳል ብዬ አዴር ሙሴን ጠየቅኳቸው። በመሃል ያለውን ጭቃ በአገጫቸው አሳዩኝ።

ካፒቴኑ ማክሰኞ ማታ መቅረታችንን በሬዲዮ ለድሬዳዋ ነገረ፤ ከዚያ ወዲያ የአውሮፕላኗን ባትሪ ለመቆጠብ የሚያነጋግራቸው ጠዋት ብቻ ነበር። ረቡዕ አነጋግሯቸው ሲወርድ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቷል። አባቴ መቅረታችንን ሰምተው በኤርፖርቱ በኩል መልእክት ልከዋል፤ «የሙሽራው የዕረፍት ፈቃድ ስለሚያልቅ ዓርብ አይቀየርም፣ እሷ ባትኖርም እኔ ወሊዋ አለሁ፣ ምንም እንዳታስብ» የሚል። ወሊ ልጅቷን የሚድረው አባት ነው። በኒካህ ላይ የሙሽራውን እጅ የሚጨብጠው እሱ ነው፤ እሷ እዚያ መቀመጥ የለባትም። ፈቃዴን ደግሞ ምስክሮች አስቀድመው ወስደዋል።

ካፒቴኑ ለሁሉም አወራ። በረዶ ውስጥ የነበረው ጠርሙስ ተከፈተ። ሄለን አቀፈችኝ፤ አንዱ ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ ንግግር አደረገ። እኔ ብርቱካን ጭማቂ ይዤ በመሃላቸው ቆምኩ። አፌን ብከፍት አለቅሳለሁ ብዬ ዝም አልኩ። «እዩአት፣ ከደስታ ብዛት መናገር አቃታት» አለች ሄለን። ዙሪያውን ዓይን እስኪደክም ባዶ ሜዳ ነው፤ እንደዚያ የተዘጋ ቦታ ግን በሕይወቴ አላየሁም።

ሐሙስ ጠዋት አዴር ሙሴ ወተቱን ሰጥተውኝ ሳልጠጣው ሲያዩ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሙሽራ ነሽ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ አዴር።»

«ሙሽራ ወተት ትጠጣለች።»

ያኔ ነገርኳቸው። ከራሴ ሌላ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አባትሽ ያውቃል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ታዲያ በምን ይወቅ?» አሉ ረጋ ብለው። «ጨካኝ ነው?»

«ወላሂ አይደሉም።»

«እንግዲያ በማያውቀው ነገር አትፍረጂበት። ንገሪው።»

«እዚህ ሆኜ በምን?»

አውሮፕላኗን አዩ። እኔም አየሁ። የዚያ ቀን ጠዋት ጥሪ ግን አልፎ ነበር።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ካፒቴኑን ጠበቅኩት። ሬዲዮው ለበረራ ጉዳይ ብቻ ነው አለኝ፤ ባትሪውም እየደከመ ነው። ከዚያ ፊቴን አየና የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ሰጠኝ። ድሬዳዋ ያለው ሰው ድምፁ ወጣት ነው። ስልክ ካላቸው የማውቃቸው ሐጂ ዩሱፍ ብቻ ናቸው፤ ሸዋ በር አጠገብ ሱቅ አላቸው፤ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ቁጥራቸውን ሰጠሁት።

«ምን ልበልልሽ?» አለኝ።

«ለአባቴ ይንገሩልኝ በላቸው። ሰሚራ ኒካሁን አትፈልግም።»

«እህቴ፣ ይሄ መስመር ለሁሉም ክፍት ነው። በሰማይ ላይ ያለ አብራሪ ሁሉ ይሰማሻል።»

«ይስማ» አልኩት። «አልፈልግም ብላለች በል። ዝም አላለችም በል።»

«እሺ እህቴ» አለና ድምፁ ተቆረጠ። ማዳመጫውን መለስኩ። በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ነው ፍርሃቱ የመጣው። ቃሌ ከእኔ ወደ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐጂ ዩሱፍ፣ ከሐጂ ዩሱፍ እንግዳ ወደሞላው ቤታችን መድረስ አለበት። በሠርግ ቤት ደጃፍ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ይዞ የሚገባ ሰው ማን ነው? ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ሽማግሌን ከማሳፈር ጅብ ጋር ማደር ይቀለዋል።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ አዴር ሙሴ ለሶላት ቆሙ፤ ከኋላቸው ቆሜ ሰገድኩ። አሁን ከመስጊድ ወጡ፣ አሁን ቤት ገቡ፣ አሁን የሠርጉ ጣፋጭ፣ ሐላዋው፣ ቀረበ እያልኩ አሰብኩ። እንግዶቹ በመነጽር ሰጎን ያያሉ። መልስ የሚሰጠኝ አልነበረም። የሰው ሚስት ልሁን አልሁን ሳላውቅ መሸ።

ቅዳሜ አፈሩ ጠነከረ። ጎማዎቹን ቆፍረን አወጣን፤ ካፒቴኑ አልጋውንም መጠጡንም፣ ከባድ የተባለውን ሁሉ፣ ለሚመለሰው መኪና አስቀርቶ አስነሳን። ድሬዳዋ ስንወርድ አባቴ ነጭ ቆብ አድርገው ጥላ ሥር ቆመዋል። እጃቸውን ሳምኩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ሌላ ነገር አላሉም። የኮንትራት መኪና ይዘው ነበር። ደንገጎ ጫፍ ስንደርስ ሹፌሩን አስቆሙትና ወርደን ዳገቱ ጠርዝ ላይ ቆምን። ሜዳው ከሥራችን በአቧራ ተሸፍኗል።

«መልእክትሽ ደርሷል» አሉ። «ሐጂ ዩሱፍ መጣ። ሰሚራ ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች አለኝ።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ። የልጁን እጅ ይዤ ነበር፤ ሸኹ የኒካሁን ኹጥባ አንብቦ ጨርሷል። ሐጂ ዩሱፍ ሲነግረኝ ግን ዓይኔን አላየኝም። ሰላም ለማለት ብላ ኤርፖርት የምታስቸግር ልጅ የለኝም አልኩ በልቤ። ይቺ ልጅ ሌላ ነገር ተናግራለች።»

«ከዚያስ፣ አባ?»

«እጁን ለቀቅኩት። ልጄ ትምጣና እንነጋገር አልኩ። አክስትሽ እስካሁን እያለቀሰች ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ከአፍሽ ልስማ። ምን ብለሽ ነበር?»

ነገርኳቸው። በሐረሪ፣ በቤታችን ቋንቋ። ስለ ጅዳው ቤት፣ ስለ መስኮቱ፣ ማስተማር እንደምፈልግ፣ ነደባው ላይ ዝም ያልኩት ስለፈራሁ እንደሆነ። አባቴ አንድም ቃል አልመለሱም። መኪናው ውስጥ ገባን። ዓለማያ ሐይቁን አለፍን፣ አወዳይ የጫቱን ግርግር አለፍን፤ ዝም እንዳሉ ናቸው። እኔም በወጋችን መሠረት ዝምታቸውን እሺታ ብዬ ቆጠርኩላቸው።

ነገሩ በቀላሉ አላለፈም። አክስቴ ራህማ ለረጅም ጊዜ ሰላምታዬን አልተቀበሉም፤ በሰፈሩ የሴቶች ማኅበር እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጥ ነበር። ሙሽራው ከንፈሩን ነክሶ ጅዳ ተመለሰ። ኋላ የወደደችውን አግብቶ ደህና ኖሯል፤ ያ ቤት እሷን ጠቧት አያውቅም አሉ። እኔ አስተማርኩ፣ ዘግይቼም ቢሆን መርጬ አገባሁ። አባቴ እስኪያርፉ ድረስ ስለዚያ ዓርብ አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ ነፍሳቸውን ይማርልኝ። የዚያን የድሬዳዋ ልጅ ስም ሳልጠይቀው መቅረቴ ግን ይቆጨኛል።

ዛሬ በዘመዶቼ ቤት ሴት ልጅ ስትጠየቅ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ዕድሜ ለዚህ ወንበር አድርሶኛል። ምስክሮቹ በሩ ላይ ቆመው ይጠይቃሉ፤ ልጅቷ አንገቷን ትደፋለች፤ ሴቶቹ ለእልልታ አፋቸውን ያዘጋጃሉ። እጄን አነሳለሁ። «እኛ ምንም አልሰማንም» እላቸዋለሁ ምስክሮቹን፤ «ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።» ቤቱ ያጉረመርማል፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ወንዶቹ ደጅ ሆነው ሰዓታቸውን ያያሉ። የልጅቷን ድምፅ በጆሮዬ እስክሰማ ግን ከነደባው አልነሳም።