አልጠፋም ያለው ዲስክ

በዓይን ክሊኒኩ ካርድ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችውን ሴት ሁሉም «እታለም» ነው የሚላት። ታናሽ ወንድሟ አንድ ቀን ሊጠይቃት መጥቶ በኮሪደሩ «እታለም!» እያለ ሲጣራ ነርሶቹ ሰሙት፤ ከዚያ ወዲህ ዶክተሯ ሳትቀር በዚሁ ስም ትጠራት ጀመር። እታለም ካርድ ለማውጣት ቁጥር አትጠይቅም። የበሽተኛውን ፊት አየት አድርጋ እጇን ወደ መደርደሪያው ትሰዳለች፤ አትስትም። «የረሳሁት ሰው ቢኖር የመጀመሪያ ባሌን ብቻ ነው» እያለች ትቀልዳለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዶክተሯ በበሩ ብቅ አለች። የዓይንን ውስጥ ፎቶ የሚያነሳው መሣሪያ ዲስኩ ሞልቶ አላነሳም ብሏል።

«እታለም፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ሁለት ዲስኮች ፎቶው ወደ አዲሱ ኮምፒውተር የተዛወረውን ፎርማት አድርገሽ ባዶውን አምጪልኝ። ቶሎ በይ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ሁለቱ ዲስኮች መዳፍ የሚያካክሉ፣ ጥቁር፣ ቁርጥ መንትያ ናቸው። በአንደኛው ላይ «ተዛውሯል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ሌላው የአምስት ዓመት የበሽተኞች ፎቶ የያዘ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ወረቀቱ ሙጫው ደርቆ፣ ተላቅቆ በሁለቱ መካከል ወድቋል። ለአፍታ አመነታች። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ያለውን ዲስክ አነሳችና ወረቀቱን በፕላስተር መልሳ ለጠፈችበት።

ሰካችው። ፎርማት የሚለውን ተጫነች። ኮምፒውተሩ ዲስኩ ተቆልፏል፣ ምንም ሊጻፍበት አይችልም አላት። ደገመችው፤ ያው። ኬብል ቀየረች፣ ከኋላ በኩል ባለው ቀዳዳ ሰካችው፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችው፤ ያው። እንግዳ መቀበያው ድረስ ይዛው ሄዳ በዚያ ኮምፒውተር ሞከረችው። እዚያም ያንኑ ተባለች።

በኮሪደሩ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል። ከፊት ያለው ሽበት የወረረው የአውቶቡስ ሹፌር ባለፈች ባገደመች ቁጥር ቀና ብሎ ያያታል።

«እህቴ፣ ዛሬ ነው ወይስ ለነገ እንምጣ?»

«አሁን፣ አሁን፣ አባባ» አለችው።

«እታለም! ምን ዋጠሽ?» ስትል ዶክተሯ ከውስጥ ተጣራች።

«መጣሁ ዶክተር! አንድ ደቂቃ!»

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ካርድ ክፍሉን ለወጣት እንስጠው የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። አንድ ዲስክ ማጥፋት አቅቷት ብትገኝ ምን ይሏታል? በሩን ዘግታ ወንድሟ ዘንድ ደወለች። ወንድሟ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው።

የሞከረችውን ሁሉ ነገረችው። «አይዞሽ፣ ይሄማ ቀላል ነው» አላት። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት አስከፈታት። የዲስኩን ተራ ቁጥር አስመረጣት። ቀጥሎ አንዲት አጭር ቃል ፊደል በፊደል አስጻፋት።

«ኢንተር እንዳትጫኚ፣ ቆይ። ይሄ ትእዛዝ ቁልፍ አይልም ምን አይልም፣ ጠራርጎ ነው የሚያወጣው። መመለሻ የለውም። ፎቶው ሌላ ቦታ አለ አይደል?»

«ተዛውሯል ይላል፣ ወረቀት አለው።»

«በቃ እንግዲህ...»

ጣቷ ኢንተር ላይ አረፈ። ግን አልተጫነችም። አንድ ነገር ከነከናት።

«አንተ፣ ዲስክ ራሱን በራሱ ይቆልፋል እንዴ?»

«ካልተበላሸ በቀር ሰው ነው የሚቆልፈው። ማን ነክቶት ያውቃል?»

«ከእኔና ካንተ ሌላ ማን ይነካዋል? የዛሬ ሁለት ዓመት ፎቶ ልታዛውር ስትመጣ...»

ስልኩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ?» አለች።

«እታለም፣ እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺ።»

«ምን?»

«እጅሽን አንሺ አልኩሽ! ያልተዛወሩትን አሮጌ ፎቶዎች የያዘውን ዲስክ ማንም እንዳይነካው ብዬ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ሌላኛውን አልቆለፍኩትም።»

እንደምንም የጻፈችውን ቃል አጥፍታ ጥቁሩን መስኮት ዘጋችው። ዲስኩን ከፍታ የሹፌሩን የካርድ ቁጥር ፈለገች። የዛሬ አራት ዓመት የተነሳው የዓይኑ ፎቶ ፊቷ ድቅን አለ፤ ቀይ፣ ክብ፣ በቀጫጭን ደም ስሮች የተሞላ። አዲሱ ኮምፒውተር ላይም ፈለገችው። እዚያ የለም። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

ሁለተኛውን ዲስክ አውጥታ ከፈተች፤ ፎርማት ያደረገችው ግን ፎቶዎቹን ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር አንድ በአንድ ካስተያየች በኋላ ነው። ፎርማቱ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

ዲስኩን ለዶክተሯ ስትሰጥ ዝም ብላ ልትወጣ ትችል ነበር፤ ከወንድሟ በቀር ማንም አላወቀባት። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። ወረቀቱን በግምት እንደለጠፈች፣ አምስት ዓመት ሙሉ የተለፋበትን ፎቶ ለማጥፋት ለአንድ ሰዓት ያህል ስትታገል እንደቆየች ተናገረች።

ዶክተሯ የበሽተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «ወረቀቱን ያለቦታው የለጠፍሽው አንቺ ነሽ» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ቅጂ ሳላስይዝ የተቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በይ ሹፌሩን አስገቢው።»

የሹፌሩ አዲስ ፎቶ ከአሮጌው ጎን ተደረደረ። የግራ ዓይኑ ነርቭ መጎዳት ጀምሯል፤ አሮጌው ፎቶ ባይኖር ልዩነቱ አይታይም ነበር። የሚጠቀምበት የዓይን ጠብታ ተቀየረለት፤ በየሦስት ወሩም እንዲመጣ ተነገረው።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ሳይጠሩት መጣ። እስከ መዝጊያ ሰዓት ሁለተኛ ቅጂ ሲያዘጋጅ ዋለ። ወደ ቤት ሲሄዱ እታለም ክንዱን ይዛ «ተጭኜው ቢሆንስ ኖሮ?» አለችው።

«ተዪኝ እባክሽ» አላት፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ። «በቃ ተጫኚው ልልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።»