በር ከፋቿ

እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ፔንሲዮን አንሶላ የምታጥበው ሴትዮ ሥራዋን ስትጨርስ እንግዳ መቀበያው ጥግ ካለው ወንበር ላይ ዘፍ ትላለች። እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከደረበቻቸው ሁለት ሹራቦች የላይኛው የወንድ ነው፤ የማን እንደሆነ ጠይቋት የሚያውቅ የለም። ጫማዋ ላስቲክ ነው፤ እግሯ አልገባ ቢላት ተረከዙን በምላጭ ቆርጣ ከፍታዋለች።

እንግዳ ተቀባይዋ የምሥራች በቴሌቪዥኑ የድሮ የአሜሪካ የፍቅር ኮሜዲ ማየት ትወዳለች። የሚዋደዱት፣ የሚኮራረፉት፣ የሚታረቁት ሁልጊዜ ነጮች ናቸው። ጥቁር ሰው ብቅ ካለ ወይ ሻንጣ ተሸክሞ ነው፣ ወይ ትሪ ይዞ። የምሥራች ይህን ልብ ብላው አታውቅም።

ዛሬም በፊልሙ ነጭ ሽርጥ ያገለደመች ጥቁር ሠራተኛ በር ከፈተች፣ የእመቤቲቱን ካፖርት ተቀበለች፣ ወጣች። ፍቅረኞቹ ሲሳሳሙ የምሥራች ሳቀች። አጣቢዋ ሴትዮ ግን ዓይኗን ከፊልሙ በር አልነቀለችም።

«ያቺ ልጅ አትመለስም?»

«የቷ?»

«በር የከፈተችላቸው።»

«እሷማ ሠራተኛ ናት፣ እትዬ። ታሪኩ የነሱ ነው።»

«ይሁን እንግዲህ።»

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሠራተኛዋ ለሠርጉ ትሪ ይዛ ብቅ አለች። ሴትዮዋ ቀና ብላ በአገውኛ አንድ ነገር አለቻት፤ ቀስ ብላ፣ ለገዛ እህት እንደሚባለው።

«ምን አሏት?» አለች አገውኛ የማትሰማው የምሥራች።

«ቁጭ በይ ነዋ ያልኳት። እግሯ እንዴት እንዳበጠ አታዪም?»

የምሥራች ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። የሠራተኛዋ እግር አይታይም።