የሁለቱ ሞተሮች ደብተር

እኔ አነባለሁ፤ አይገባኝም። ወንድሜ ይገባዋል፤ አያነብም። በዚያ ሰኔ፣ ቡሬ ላይ፣ በዓረቡ ነጋዴ በረንዳ ተቀምጠን ሁለታችን ተደምረን አንድ የተማረ ሰው ሆነን ነበር።

ፊደሉን ከየት እንዳገኘሁት ላስቀድም። የአማርኛውን ከአባቴ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውን ሲያስቆጥሩ እኔ ከበስተኋላ ጥጥ እየፈተልሁ እሰማ ነበርና ከወንዶቹ ቀድሜ ጨረስሁት። የጣልያኑን ግን ከዱቄት ከረጢትና ከቆርቆሮ ላይ ነው የለቀምሁት። ወንድሜ ሦስት ዓመት በጣልያን የሞተር ማደሻ ሲሠራ ቋንቋውን በጆሮው ይዞታል። «ይህ ከረጢት ‹ፋሪና› ይላል፣ ዱቄት ማለት ነው» ሲለኝ ድምፁን ከፊደሉ ጋር እያጋጠምሁ፣ አንድ ቀን ሳላስበው ሁሉም ከረጢት ይናገር ጀመር። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አሁንም ስጽፍ ይሰማኛል።

ሞተር የፈለግነው ለጌጥ አይደለም። የወንድሜ ሚስት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ሲወለዱ አጥታለች፤ በሁለተኛው እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። ቡሬ ያለው ሐኪም «ሦስተኛው ምጥ ሲጀምራት ሳይውል ሳያድር አምጧት፤ ከዋለች እኔም አልችልም» ብሎ ነበር። ወሯ የሚገባው ነሐሴ ነው። ቤታችን ካለበት ከፍኖተ ሰላም አጠገብ እስከ ቡሬ፣ በነሐሴ ጭቃ፣ በቃሬዛ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በበቅሎ ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት አትቀመጥም። ዱሩ የአርበኞች፣ መንገዱ የጣልያን በሆነበት ጊዜ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረቤትስ ከየት ይገኛል? ስለዚህ ወንድሜ ጎኗ ላይ ጋሪ የተገጠመላት ሞተር ብስክሌት ፈለገ።

ዓረቡ ሁለት ነበሩት፤ ጦሩ አሮጌ ናቸው ብሎ ያወጣቸው። አንዷ ጥቁር፣ አንዷ አመዳማ። አንዷን በበቅሏችን ሊለውጥ ተስማማ። ያቺ በቅሎ አባቴ ለክርስትና ለፍትሐት የሚሄዱባት፣ ቤታችን ያለን አንድ ሀብት ናት። ከሰጠናት በኋላ ሞተሯ ብትበላሽ፣ በነሐሴ ሁለቱንም አጣን ማለት ነው።

አባቴ በአገራችን ደንብ ከገበያው በጠሩት ሽማግሌ ፊት የበቅሎዋን አመል ተናገሩ። «ጃንጥላ ካየች ትደነብራለች። ከኋላዋ ለሚመጣ ሰው እግሯን ታነሳለች። ሌላ ነውር የለባትም። ያንተስ ሞተሮች አመላቸው ምንድን ነው?»

«መምሬ፣ ሞተር አመል አለው እንዴ!» ብሎ ዓረቡ ሳቀ። «ካለውም እዚህ ተጽፏል።» ቅባት የጠጡ ሁለት ደብተሮች ከጉያው አወጣ።

ጣልያኖቹ ሞተር ሁሉ ለመንገድ መብቃት አለመብቃቱን በየጊዜው ይመረምራሉ። ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መብራቱን፣ እሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ አይተው ደህና ከሆነ «ቦኖ»፣ ከተበላሸ «ጓስቶ» ብለው፣ ቀንና ወሩን በቁጥር ጽፈው ማኅተም ይመቱበታል። ዓረቡ ማንበብ አይችልም፤ ጠቋቁሮ የተጻፈውና ያልተጻፈው ገጽ ብቻ ነው የሚታየው።

ጣቴን እያስከተልሁ ጀመርሁ። የጥቁሯ ደብተር ንጹሕ ነው። በአሥራ አንደኛው ወር፣ ቦኖ። በአሥራ ሁለተኛው፣ ቦኖ።

«አሥራ አንደኛው ሐምሌ፣ አሥራ ሁለተኛው ነሐሴ!» አልሁ እየጮህሁ። «ወንድም ጋሼ፣ ክረምቱን በሙሉ ምንም አልሆነችም!»

የአመዳማዋ ግን በሽታ በበሽታ ነው። በሰባተኛውና በስምንተኛው ወር ብቻ ሦስት ጊዜ «ካንዴላ ባኛታ» ይላል።

«ካንዴላው ርሷል ማለት ነው» አለ ወንድሜ ግንባሩን ቋጥሮ። «ሰባተኛው መጋቢት አይደለም? በመጋቢት ውሃ ከየት መጣ?»

«በበጋ የሚያልባት ከሆነች በክረምትማ ትዋኛለች» አሉ ሽማግሌው።

ሁላችን ሳቅን። ወንድሜ የዓረቡን እጅ መታ፤ ጥቁሯን ወሰደ። ዓረቡ የበቅሎዋን ልጓም ተቀበለና ከበረንዳው እንጨት ጋር አሰራት። እኔ ሰው ሁሉ የሰማኝ ስለመሰለኝ ኮርቼ፣ ዝም ብዬ የቀረውን ገጽ መግለጤን ቀጠልሁ። በጥቁሯ ደብተር አንድ መስመር ላይ ማኅተም የለም። ሃያ አምስት፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር፤ «ናታሌ፣ ሪፖሶ»።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የነሱ ልደት ነዋ፤ ዕረፍት» አለ ወንድሜ ቤንዚኑን በቆርቆሮ እየተቀበለ። «ያኔ እኮ ነው እረፍ ብለውኝ መጥቼ ከአባባ ጋር ጤፍ የወቃሁት።»

ጤፍ! በነሐሴ ጤፍ ገና አፈር ላይ ነው። ማን ይወቃዋል?

ልደታቸው ከኛ ልደት ሁለት ሳምንት ያህል ይቀድማል፤ ታኅሣሥ ነው። አሥራ ሁለተኛው ወራቸው ታኅሣሥ ከሆነ አሥራ አንደኛው ኅዳር ነው። በጣቴ ወደ ኋላ ቆጠርሁ። ሰባተኛው ሐምሌ፣ ስምንተኛው ነሐሴ። እነሱ ዓመቱን ከመስከረም አይጀምሩም! እኔ የነሱን ወር በኛ ቁጥር ነበር የቆጠርሁት።

የጥቁሯን ደብተር እንደገና ከፈትሁ። ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ወር አንድም ፊደል የለም። ክረምቱን በሙሉ ቆማ ነው ያሳለፈችው። አመዳማዋ ግን በዚያ ዝናብ ትሠራ ነበር፤ ትርሳለች፣ ይመረምሯታል፣ በዚያው ቀን «ቦኖ» ተብላ ትወጣለች።

እጅ ተመትቷል። በቅሎዋ ታስራለች። እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ሴት ልጅ ነኝ፣ ወንዶቹም ቆመዋል። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። የወንድሜ ሚስት ግን ታየችኝ፤ ጥቁሯ ላይ ተቀምጣ፣ ዝናብ እየወረደባት።

«አባባ፣ ይማሩኝ፤ ተሳስቻለሁ» አልሁ።

የቆጠርሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ወንድሜ «አንቺ ልጅ፣ አሁን? እጅ ከተመታ በኋላ?» ብሎ ፊቱ ጠቆረ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ግን ሁለቱን ደብተሮች ጭናቸው ላይ ዘርግተው ገለጧቸውና፣ «ዘወትር የሚመጣ የንስሐ ልጅ አለኝ» አሉ። «ድካሙን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የት ላይ እንደሚወድቅም፣ በምን እንደሚነሳም። ለፋሲካ ብቻ ብቅ ብሎ ‹ኃጢአት የለብኝም› የሚለኝን ግን ምኑን ልመን?» ወደ ዓረቡ ዞሩ። «ልጄ ሆይ፣ አመዳማዋን ብንወስድ ቅር ይልሃል?»

«ውሰዱ! ውሰዱ!» አለ ዓረቡ። እንዲህ ደስ ማለቱ ይበልጥ አስፈራኝ። አንድ ቆርቆሮ ቤንዚን መረቀልን። ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ከወንድሜ ኋላ ተቀምጬ ሞተሯ ባሳለች ቁጥር ዓይኔን እጨፍን ነበር።

ምጡ የወንድሜን ሚስት የጀመራት በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። አባቴ አስቀድመው በሰንበቴው ማኅበር በኩል ዱር ላሉት ሰዎች «ነጭ ጨርቅ የታሰረባት ሞተር ምጥ የጫነች ናት» የሚል ቃል ልከዋል። ቃሉ ለሁሉም ይድረስ አይድረስ ግን አናውቅም። መንገድ ላይ ቆማ የተገኘች ሞተር ለጣልያንም ለአርበኛም ጥርጣሬ ናት። መቆም የለብንም።

ነጩን ጨርቅ ከሞተሯ ፊት አስረን እሷን በጋሪው አስተኛናት፤ እኔ ከወንድሜ ኋላ ተቀመጥሁ። ማንኩሳን አለፍን። ከዚያ ወዲያ ያለው ወንዝ ሞልቶ ቀይ ሆኗል። ወንድሜ «ያዢ!» ብሎ ገባበት። መሐል ላይ ሞተሯ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ዝም አለች።

ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ወርደን፣ ውሃው እስከ ጉልበታችን ደርሶ፣ እየገፋን ወደ ማዶ አወጣናት።

«እህት ዓለም፣ ቆምን እንዴ?» አለች ከጋሪው ውስጥ።

«አልቆምንም፤ ውሃ እየጠጣች ነው።»

«ጃንጥላ አይታ እንዳይሆን» አለች። ከዚያ ምጡ መጣባትና ጥርሷን ነከሰች።

ከቁጥቋጦው በላይ አንድ ሰው ቆሟል። ጠመንጃ ይዟል። አይጠጋም፣ አይሄድም። ወንድሜም አየው። «አለቀ» አለ በሹክሹክታ።

«ካንዴላ ባኛታ!» አልሁት። «ወንድም ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ እኮ ተጽፏል! በዚያው ቀን ቦኖ ይላል፣ በዚያው ቀን!»

ወንድሜ ካንዴላውን ፈትቶ አወጣው። እውነትም ርሷል። የኔ ልብስ ሁሉ ረጥቧል፤ ደረቅ የቀረው በጋሪው ውስጥ እሷ የተጠቀለለችበት ጋቢ ብቻ ነው። ጫፉን ራሷ ሳብ አድርጋ ሰጠችን። ጠረገው፣ እፍ አለበት፣ በጋቢው ደግሞ አሸው፣ መለሰው። ማስነሻውን አንዴ ረገጠ። ዝም። ሁለቴ። ዝም። በሦስተኛው ሞተሯ እንደ ተቆጣ ሰው ጮኸች።

ዞር ስል ሰውዬው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ በእጁ ሂዱ እያለን ነበር።

ቡሬ በር ላይ የጣልያን ወታደር ወረቀት ጠየቀ። የወንድሜ ሚስት አንድ ጊዜ ብትጮህ ወረቀቱን ተወና በሩን ከፈተ።

ልጁ በሐኪሙ ቤት የተወለደው ከቀትር በፊት ነው። ወንድ ነው፤ እናቱም ተርፋለች። ሲያለቅስ በግድግዳው ማዶ ሰማነው፤ ወንድሜ ከሞተሯ ጎን ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ደብተሩን ከብብቱ አወጣና እርሳስ ሰጠኝ።

«ጻፊ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«እንደነሱ ነዋ።»

ከጣልያኑ የመጨረሻ ማኅተም ሥር በአማርኛ ጻፍሁ። ካንዴላው ረጠበ፣ ደረቀ፣ ደህና። ወሩን በቁጥር አላደረግሁትም፤ ማንም እንዳይሳሳት ሙሉውን፣ ጎላ አድርጌ፣ ነሐሴ ብዬ ጻፍሁ።