ጋሽ ግራም ሚዛን ላይ ወጣ

ጋሽ ግራምን የማያውቅ የከባድ መኪና ሹፌር ካለ፣ ወይ ሥራ የጀመረው ዛሬ ነው፣ ወይ ባዶ መኪና ነው የሚነዳው። ከከተማው መውጫ ላይ ያለው የመኪና ሚዛን ተቆጣጣሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያች የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የጭነታችንን ልክ ሲነግረን ኖሯል። ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። አምስት ኩንታል ትርፍ የጫነም፣ ሃያ ኪሎ ትርፍ የጫነም እሱ ዘንድ እኩል ነው፤ ሁለቱም ዞረው ይመለሳሉ። ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ የታመመች እናትህን ብትጠራለት መልሱ አንድ ነው፤ «እኔ ምንም አላልኩም፣ ሚዛኑ ነው የተናገረው።» እኔን ብቻ አሥራ ሰባት ጊዜ መልሶኛል። ያውም ጎረቤቱ ነኝ፤ ግድግዳ ነው የሚለየን። ቆጥሬያለሁ፣ ቂመኛ ነኝ።

እንግዲህ ይህ ሰው ወፈረ።

ጥፋቱ የሱ አልነበረም። የሳንባ ሕመም ያዘውና ሐኪም ያዘዘለት ኪኒን ትንፋሹን መለሰለት። ከትንፋሹ ጋር ግን የማይጠግብ ሆድ ጨመረለት። ከምሳ ተነስቶ እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ የሚርበው ሰው ሆነ። ፊቱ ክብ ሆነ፣ ጉንጩ ቀላ። እኛ ደግሞ ከታች ሆነን ተመችቶሃል፣ ወዝተሃል፣ ደሞዝ ተጨመረልህ እንዴ እያልን እንቀልድበት ነበር። አንድ ቀን መስኮቱን ከፈተና «ያበጠ ሰው አይተህ አታውቅም?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ቀልድ ተውኩት።

በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ዳሌው ተበላሸ። የዳሌውን አጥንት ደም ያሳጣው ያው ኪኒን ነው አሉት። ነገሩን ሲያስረዳኝ መቀለዱ ነው ብዬ ነበር። ኪኒኑን ካልዋጠ አይተነፍስም። ከዋጠ ይወፍራል፣ ዳሌውም ይብስበታል። ዳሌው በሰው ሠራሽ እንዲቀየር ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። በዚያ ሳንባ ላይ ያ ሁሉ ክብደት ተጨምሮ ማደንዘዣ መውሰድ ደግሞ አደጋ ስለሆነ፣ ከመቶ ኪሎ በታች ካልወረደ አናስተኛህም አሉት። መቶ አሥራ ስምንት ነበር። ለመክሳት በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግርህ ሂድ ሲሉት፣ በየትኛው ዳሌ ብሎ ጠየቃቸው።

የጨነቀው ግን ሕመሙ አልነበረም፣ ሥራው ነው። የሚዛን ሥራ ቁጥር ማየት ብቻ አይደለም። መኪናው ሚዛኑ ላይ ሲቆም ስድስቱን ደረጃ ወርደህ፣ ዞረህ፣ ጎማዎቹ በሙሉ ብረቱ ላይ ማረፋቸውን ማየት አለብህ። አንድ የኋላ ጎማ ከጠርዙ ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ ከቆመ፣ የዚያን ጎማ ሸክም ሲሚንቶው ይይዝልሃል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ጋሽ ግራም ዳሌው ከታመመ ወዲህ ጠዋት አንዴ እንደምንም ከወጣ እስከ ማታ ደረጃውን መውረድ አቃተው። እኛ ደግሞ ጅሎች አይደለንም። አራት ወር ሙሉ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ጎማ ለሲሚንቶው አደራ እየሰጠን አለፍን። እኔም አለፍኩ። ወሬው አለቃው ጆሮ ሲደርስ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለየመኪናው ደረጃውን መውረድ ካልጀመርክ በሕመም ጡረታ ትወጣለህ አለው። ያን ዕለት ማታ በር ላይ ተቀምጠን፣ ከዚያች ክፍል ውጭ ምን እንደምሆን አላውቅም አለኝ። ፈርቶ ነበር። ሲፈራ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

መክሳት ጀመረ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሱ ዳቦውን በኩሽና ሚዛን እየመዘነ ስልሳ ግራም፣ ሰባ ግራም ሲል፣ ሹፌር ስታስለቅስ ኖረህ አሁን ተራው የኔ ሆነ ትለዋለች። ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሃ የተሞሉ ሁለት ጠርሙሶች ሽቅብ ቁልቁል ያነሳል። በግድግዳው በኩል ሲቆጥር ይሰማኛል። አንዱን እንኳ ዘሎ አያውቅም። የሚበላው ጎመንና ካሮት፣ የሚያወራው ስለ ዳቦ ነው። ሁለት ወር እንዲህ ሆኖ አምስት ኪሎ ብቻ ቢቀንስ ተስፋ ቆረጠና ኪኒኑን በድብቅ ለሁለት እየገመሰ ግማሹን መዋጥ ጀመረ። በዕድሜው ያጭበረበረው ያኔ ብቻ ነው፣ ያውም ራሱን። በአራተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሮት ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው። ሐኪሙ ክፉኛ ተቆጣው፤ ኪኒኑ የሚቀነሰው በኔ ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው አለው። ባለቤቱ አልተቆጣችም። ኪኒኑን ከዚያ ወዲህ በእጇ እየሰጠች፣ እስኪውጥ ፊቱ ትቆም ነበር።

ቤታቸው የሰው ሚዛን ስላልነበረ ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍሉ ከመውጣቱ በፊት በመኪናው ሚዛን ላይ ይቆማል፣ የሌሊት ተረኛው ባልደረባው ከላይ ያነብለታል። ለሳምንታት መቶ ሃያ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መቶ ተባለ። ተሰልፈን የነበርን ሹፌሮች በሙሉ ጥሩንባችንን ለቀቅነው። እሱ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘን። ይሄ ሚዛን የሚቆጥረው በሃያ በሃያ ኪሎ ነው፣ መቶ ዘጠኝም ብሆን መቶ ነው የሚለኝ ብሎን እያነከሰ ሄደ። ለሰው ደስታ እንኳ ትርፍ አይጭንም።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ባለቤቱ ሱሪውን ለሦስተኛ ጊዜ አጥብባለታለች። ከወንድሜ በተዋስኩት ትንሽ መኪና ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ነርሷ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ወጣት ናት። ከዘራውን ተደግፎ በቀስታ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ቁጥሩ ተወዛወዘና ዘጠና ስምንት ላይ ቆመ።

ጎበዝ አባቴ ብላ ብዕሯን አነሳች። እኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን አልወረደም፣ ወደ እግሩ ያያል። የከዘራው ጫፍ ከሚዛኑ ውጭ፣ ወለሉ ላይ ነበር። እኔ ቀድሜው ነው ያየሁት፤ በዚህ ነገር ልምድ አለኝ። ዓይኔን ወደ ጣሪያው መለስኩ።

«አትጻፊው ልጄ» አላት። «አንድ ጎማ ውጭ ነው።»

ነርሷ አልገባትም። ከዘራውን ለኔ ሲያቀብለኝ ዓይን ዓይኔን አየኝና «አንተ ይገባሃል» አለኝ። ያን ጊዜ አፈርኩ። ለካ አራት ወር ሙሉ ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ እያንዳንዷን ጎማ ሲጠረጥር ኖሯል። ወርዶ በዓይኑ ያላየውን ሰው ግን አይመልስም፣ ሕጉ ነው።

በአንድ እግሩ ቆመ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ ከንፈሩን ነክሶ። መቶ አንድ። ነርሷ አዘነችለትና ዝቅ ባለ ድምፅ ዘጠና ስምንቱን ልጻፈው እንዴ አለች። እኔ ጻፊው አልኩ።

«እኔ ምንም አላልኩም» አላት። «ሚዛኑ ነው የተናገረው።»

ለወር ቀጠረችው።

መኪና ውስጥ ጮህኩበት። ለአንድ ኪሎ ብለህ ሥራህን ልታጣ ነው ወይ፣ ይህ ትዕቢት ነው አልኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ማደንዘዣውን የሚሰጠኝ ሰው በዘጠና ስምንት ያሰላል» አለኝ። «ሳንባዬ የሚሸከመው ግን መቶ አንዱን ነው። የተሰበሩ ድልድዮችን ያየሁ ሰው ነኝ።»



በወሩ ከዘራውን እኔ ይዤለት ዘጠና ዘጠኝ ሆነ፤ ሁለቴ እንድትመዝነው አደረጋት። ተኛ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሳንባው ሁለት ቀን አስፈራርቶን ተመለሰ። ወደ ሥራው የገባው ዓመቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው። ያንኑ ኪኒን፣ አነስ ባለ መጠን፣ አሁንም ይውጣል፤ አሁንም ይርበዋል።

በመጀመሪያው ቀን እኔ ተረኛ ሆኜ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። የግራ የኋላ ጎማዬ ሲሚንቶው ላይ ነበር። ለሱ ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ፣ ግን ልማድ ነው። ቁጥሩ ልክ መጣ። የመውጫው በር እስኪከፈትልኝ ስጠብቅ የሱ ክፍል በር ተከፈተ። ስድስቱን ደረጃ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል ወረደ። መኪናዬን ዞረና ጎማዬን በከዘራው ሁለቴ መታ መታ አደረገው። ከዚያ በእጁ ወደ ኋላ አሳየኝ።

መኪናዬን አዙሬ ስመለስ በመስታወቴ አየሁት፤ ደረጃውን እየወጣ ነበር። ዓይኔ እንባ ስላቀረረ መንገዱ ትንሽ ደበዘዘብኝ። አሥራ ስምንተኛ ጊዜዬ ነው። ቆጥሬዋለሁ፣ አልተቀየምኩትም።